ቤቱ አልቆ በሩ ሲቀር

አሰላ ውስጥ ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ ለማንም አትንገሩ። ከነገራችሁማ ከተማው በሙሉ መሐንዲስ ይሆናል። ፀጉራችሁን የሚቆርጠው ሰው መቀሱን አየር ላይ አቁሞ ስለ መሠረት ያስተምራችኋል። ለቅሶ ላይ ጎናችሁ የተቀመጡት ሽማግሌ ሐዘኑን አቋርጠው ስለ ቆርቆሮ ያወጋሉ። እኔ በበኩሌ ምክር አልጠላም። የምጠላው ትክክለኛውን ምክር ነው።

የኔ ነገር የጀመረው ከስልኬ ቪዲዮ ነው። በረዶ አገር ያለ አንድ ጢማም ሰውዬ ከውሻው ጋር ጫካ ገብቶ፣ ግንድ በግንድ ላይ እያጋደመ፣ ጫፍ ጫፉን እየቦረቦረ እያቆላለፈ ቤት ሲሠራ አየሁ። በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ውስጡ ተቀምጦ ሾርባ ጠጣ። ብርድ ከሆነ የጭላሎ ብርድ ከማን ያንሳል? ግንድ ከሆነ ባሕር ዛፍ ሞልቶናል። ጢሙም ቢሆን ይበቅላል። የጎደለኝ ውሻ ብቻ ነበር!

እንደምታውቁት እኛ ዘንድ እንጨት ይቆማል፤ በማገር ይያዛል፤ በጭቃ ይመረጋል። እኔ አጋደምኩት። ጎረቤቴ ገመቹ በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ዙሪያውን ተመለከተና «ኩኒ ማሊ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እንጨቱ ምን ሆኖ ነው የተኛው?» አለኝ። ቤት ነው አልኩት። «እንግዲያው እስኪነሳ እንጠብቃለን» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ግን እየሳቀ ተመልሶ የከባዱን ግንድ ጫፍ ተሸከመልኝ፤ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አልቀረም።

«ምን አጣደፈህ?» ትሉኝ ይሆናል። ያጣደፉኝ አማቼ ናቸው። ጋሽ ወልዴ የጎበሳ አናጺ ናቸው፤ ግማሹ ጎበሳ በእሳቸው መዶሻ የቆመ ነው። ብርቄን ያገባሁ ዕለት በሰው ፊት «ልጄን ሰጥቼሃለሁ። የኪራይ ቤትህ ግን አልገባም። በእጅህ ቤት ሠርተህ ጥራኝ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት! አሰላ ሲመጡ ብርቄ መናኸሪያ ድረስ ትሄዳለች፤ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ ረዳቶቹ «ኢተያ! አዳማ!» እያሉ በሚጮሁበት መሀል አባቷን ታጎርሳለች። ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመለስ ፊቷን ማየት አልችልም ነበር። አፍር ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ታዲያ ከከተማው ጫፍ ባገኘናት ቦታ ላይ ግድግዳዬ ከቁመቴ በላይ ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በዚህ አሠራር በር አስቀድሞ አይተውም። ግድግዳው ድፍኑን ይወጣል፤ በሩና መስኮቱ ከዚያ በኋላ በመጋዝ ይቆረጣሉ። ይህንን የምናውቀው እኔና ጢማሙ ሰውዬ ብቻ ነን። ለሰፈሩ ሰው የሚታየው ግን በር የለሽ፣ መስኮት የለሽ፣ ጣሪያ የለሽ ሳጥን ነው። አንዲት ሴትዮ ብርቄን ጠጋ ብለው «ለእስረኛ ነው?» ብለው ጠየቋት።

አማቼን ለእሁድ ጠራናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከገመቹ ጋር በሩን ልንቆርጥ ተቃጠርን። መጋዙ ሁለት ሰው ከዚህና ከዚያ የሚስበው ረጅሙ ነው፤ ለብቻ ከያዙት ይጣመማል። እኔ በመሰላል ወጥቼ ወደ ውስጥ ተንጠላጥዬ ወረድኩ። መጋዙን በጠማማ ግንዶች መሀል ባለ ሰፊ ክፍተት አሾልከን፣ አንዱን ጫፍ እኔ ከውስጥ ያዝኩ። ይሄኔ ገመቹ የራሱ ቤት ቆርቆሮ ትዝ አለው። «አንድ ሚስማር መትቼ መጣሁ» አለና መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

አንድ ሰዓት አለፈ። በግድግዳው ልወጣ ሞከርኩ፤ የተላጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሳሙና ነው። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፤ ሦስት ጊዜ በመቀመጫዬ ተመለስኩ።

በዚህ መሀል ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጋሽ ወልዴ ናቸው! ስንዴ የጫነ አይሱዙ ከጎበሳ ሲመጣ አግኝተው በአንድ ቀን ቀድመው ከተፍ አሉ፤ ብርቄም ከመንገድ ተቀብላ አምጥታቸዋለች። እንግዲህ ደጅ ላይ «ቤቶች!» ሲባል የኔ አፍ እኔን አያማክርም። «አቤት! ይግቡ፣ ይግቡ!» አልኩ በታላቅ ደስታ።

 ዱላቸው ግንዱን ኳ፣ ኳ እያደረገ አንድ ዙር ዞሩ። ደገሙት።

«በየት?» አሉ።

«አባባ፣ በሩ ገና ነው።»

«ረሳኸው?»

«ኧረ አልረሳሁም! አሠራሩ ነው፤ ፈረንጆች መጀመሪያ ግድግዳውን ነው የሚጨርሱት።»

«እነሱ በመስኮት ነው የሚገቡት?»

«መስኮቱም... ገና ነው።»

ብርቄ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ከውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። አማቼ አልሳቁም። «በር የሌለው ነገር ገና እንጨት ነው። ቤት ሲሆን እመጣለሁ። መኪናውም ስንዴውን አራግፎ ሊመለስ ነው» አሉ፤ ኮቴያቸው ሲርቅ ተሰማኝ።

ብርቄ ሳቋን አቆመች። «አባዬ፣ እንደገና መናኸሪያ?» አለች። 

 ግንዱን በጥርሴ ብበላው በወደድኩ። ይሄኔ በእጄ የያዝኩት መጋዝ በድንገት ተንቀሳቀሰ።

«ግራና ቀኙን በጣውላ ይዘኸዋል?» አሉ አማቼ፣ ከግድግዳው ማዶ።

«የምን ጣውላ?»

«ሳትይዘው ብትቆርጥ ግድግዳው አናትህ ላይ ይወርድልህ ነበር። ጣውላና ሚስማር አለህ እዚያ? ከላይ እስከ ታች ምታ!»

ጢማሙ ሰውዬ ይህንን አልነገረኝም። ወይም ሾርባው ጋ ለመድረስ አሳልፌዋለሁ። መታሁ። ከዚያ ጀመርን። «ሳብ! አትግፋ፤ መሳብ ብቻ! መግፋት የኔን ሥራ መሥራት ነው!» ሰባ ያለፋቸው ሰውዬ ይስባሉ፣ እኔ እስባለሁ፤ ብርቄ ኮታቸውን ታቅፋ እንደ ኳስ ተመልካች ትጮሃለች። ላቤ ዓይኔ ገባ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም፤ እንደ ሕፃን መዝለል ነበር ያማረኝ። የቀኙን ጨርሰን የግራውን ቀጠልን፤ የመጨረሻው ጉማጅ ዱብ ሲል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ የቀሩት አማቼ ብርሃኑ ውስጥ ቆመው አየኋቸው።

«ይግቡ» አልኩ።

ገቡ። አንዱ ጉማጅ ላይ ተቀመጡ። ብርቄ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም አጎረሰቻቸው። እኔ ግን መች አርፌ! «እንግዲህ አባባ፣ ቤቴ ገቡ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ጋሽ ወልዴ አላምጠው ዋጡ። «ያንተ ቤትማ አልገባሁም። በሩን የከፈትኩት እኔ፣ አንተንም ከእስር ያወጣሁህ እኔ። የራስህን ስትሠራ ጥራኝ፣ አስብበታለሁ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞረው ጨምሪልኝ አሏት።

ከመንገዱ ላይ አይሱዙው ጥሩምባውን ነፋ። አማቼ ከጉማጁ አልተነሱም።

«ሂድና ለሾፌሩ ንገረው» አሉኝ። «ዛሬ ከቤቴ አልወጣም በለው።»