የጃፓኑ አባት በአክስቴ ችሎት

ሐሙስ፣ ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን። በአክስቴ ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጃፓናዊ አባት ጃንጥላ ይዞ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ቆሟል። በሪሞት ያቆመችው አክስቴ ናት፤ “ቀሪውን ነገ እንጨርሰዋለን” ብላ። አልጨረስነውም። ሰውዬው ዛሬም ድራማው በተከፈተ ቁጥር ጃንጥላውን እንደያዘ እዚያው ነው።

ፈራጅ የሌለበት ቤት የለም። መንግሥት አንድን ዳኛ ስንት ዓመት አስተምሮ ነው ካባ የሚያለብሰው፤ እነዚህ ግን ያለ ካባ፣ ያለ ምስክር፣ የፊልሙ ርዕስ እንኳ ሳይወጣ ይፈርዳሉ። እርስዎም ቤት አንድ አለ። ከሌለ እርስዎ ነዎት።

የእኛ ቤት ፈራጅ አክስቴ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር። በሌላ ጊዜ “አንቺ” እላት ነበር፤ ሶፋው ላይ ሲሰየሙ ግን አንቱ ነበሩ። ችሎቱ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በአንድ ቃል ነው፦ “ፊቱን አይቼ ጨርሻለሁ!” የቧንቧ ሠራተኛውን በቅንድቡ ብቻ ሌባ ነው ብለው ፈረዱበት። ሰውዬው ዓመት ሙሉ ቧንቧቸውን ሲጠግን ከርሞ አንድ ማንኪያ እንኳ ሳይጎድል ሲቀር፣ “አልነገርኳችሁም? ጨዋ ነው ብዬ!” አሉ። ሐኪሙን ደግሞ “ይሄ ልጅ ራሱ የታመመ ነው፤ እኔ ልመርምረው?” ብለው መድኃኒቱን ሳይገዙ ተመለሱ። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም፤ ፍርዱን የሚሽሩት ራሳቸው ናቸው፣ ሲሽሩትም መጀመሪያውኑ ያሉት አዲሱን ፍርድ ነበር።

የጃፓኑን ድራማ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ከቤት የወጣች ልጅ ወደ አባቷ ትመለሳለች፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አይነጋገሩም። ታሪኩ ይኸው ነው። አክስቴ መነጽር “ያስረጃል” ስለምትል፣ ከሥር የሚጻፈውን እያነበብኩ በአማርኛ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ያልተጻፈ አልጨምርም፣ የተጻፈ አልቀንስም። ለክብርት ዳኛ የማልመች አስተርጓሚ ነበርኩ ማለት ነው።

አባትየው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ፍርዱ ተነበበ።

“ፊቱን አይቼ ጨርሻለሁ! ጥፋተኛው እሱ ነው።”

“እትዬ፣ ገና በር እየከፈተ ነው እኮ።”

“አከፋፈቱን አላየሽም? ደሞ ይሄ ግንባር! ግንባሩ ራሱ ይመሰክርበታል። ቁርጥ የዚያ የባለምሰሶው።”

ባለምሰሶው ማለት አንድ ወንድሟ፣ አጎቴ ነው። መንገዳችን ጫፍ ላይ ሰዓት ይጠግናል። ልጁን ሲድር አክስቴን ከአዳራሹ ምሰሶ ኋላ አስቀመጧት። “የሙሽራውን ክርን ነው ያየሁት። ልጃችን ክርን አገባች ልበል?” አለች። አጎቴ ደግሞ፣ ይቅርታ እንደማለት፣ “አዳራሹን እኔ ገነባሁት እንዴ?” አለ። በዚሁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሷ ሱቁ ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ትሻገራለች፤ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ አንገቱን ሰዓት ውስጥ ይቀብራል። የመንገዳችን ላውንደሪ ቤት ባለቤት “የወንድምዎ ካፖርት ከክረምት ጀምሮ መስቀያ ይዞብኛል፤ ቢነግሩልኝ” ባላት ቁጥር መልሷ “ወንድም የለኝም” ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አገር ከአገር ስታገናኝ የኖረች ኦፕሬተር፣ አንድ ጎዳና ላይ መስመር አጣች።

ወደ ችሎቱ ልመለስ።

“ጎንበስ አለ! አየሽ? ይቅርታ ጠየቀ!”

“ፖስተኛውን ሰላም እያለ ነው።”

“ለፖስተኛ የሚጎነበስ፣ ለልጁ ሲሆን ወገቡ ምነው ደረቀ?”

 እራት ሲቀርብ አባትየው አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አላት?”

“‘ዝናብ ሊመጣ ነው’ አላት።”

“ከዚያስ?”

“በቃ።”

“ጨምሪበት።”

“የለማ፣ እትዬ! ምን ብዬ ልጨምር?”

“አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ተለያይተው ‘ዝናብ ሊመጣ ነው’? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?”

ክብርት ዳኛ ሁለት ክፍል ሙሉ “ተናገር አንተ ሰው! ምላስህን ዋጥከው እንዴ?” ሲሉ ቆዩ። ሐሙስ ዕለት ሦስተኛው ላይ ደረስን። የልጅቷ ጃንጥላ በነፋስ ተሰባብሯል። አባትየው ወጥ ቤት ተቀምጦ የሽቦ አጥንቶቹን አንድ በአንድ አቃናቸው፣ የተቀደደውን ሰፋው፣ ይዞት ሄዶ በሯ ላይ ቆመ። አፉን ከፈተ። አክስቴ ያኔ ነው ሪሞቱን የተጫነችው።

“ምን ሊላት ነው?”

“አላውቅም። ገና አልተጻፈም።”

ሪሞቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጃንጥላውን አየች። ያን ሶፋ ሳውቀው ያለ ፍርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

“ምንም ባይልስ?” አለች በኋላ። “ጃንጥላው እኮ ተጠግኗል።”

“ፊቱን አይተሽ ጨርሰሽ አልነበር?”

“ፊቱን ነው ያየሁት። እጁን መቼ አየሁ?” ተነሳች። “ቀሪውን ነገ እንጨርሰዋለን። ጠዋት ጉዳይ አለኝ።”

ዓርብ ከምሳ በኋላ ጋደም አለች። አልተነሳችም።

ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው። ሁሉም ስለ ደግነቷና ስለ ትዕግሥቷ አወራ፤ ስለ ትዕግሥቷ ሲያወሩ ሶፋውን ማየት አቃተኝ። የቧንቧ ሠራተኛው ብቻ “ሌባ ትለኝ ነበር” ብሎ አለቀሰ። አጎቴ ሰው በሙቀት በሚታፈንበት ክፍል ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል፤ አውልቅ ቢሉት እምቢ አለ። አጠገቡ ስቀመጥ ጎንበስ አለልኝ።

“ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?”

“‘ግንባሩ ይመሰክርበታል’ ብላለች፣ ጋሼ።”

ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ በካፖርቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“ጨምሪበት እንጂ፣ ልጄ።”

እሷው ናት፤ ቃሏም ዜማዋም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምሰሶው ብቻ ነበር። አልጨመርኩም። የላውንደሪ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ አይቶ የነገረኝን ግን እንዳለ ነገርኩት።

ዓርብ ጠዋት አክስቴ ላውንደሪ ቤት ገባች። “ያን ካፖርት አውርደው” አለች። አገላብጣ አየችው፤ አንድ ቁልፉ ላልቶ ነበር፤ መርፌና ክር ተቀብላ እዚያው ቆማ አጠበቀችው። ስትወጣ ወደ ማዶ አልተሻገረችም። ካፖርቱን በሰዓት ቤቱ በር እጀታ ላይ ሰቀለችው፣ መስታወቱን አንኳኳች፣ አጎቴ ከሰዓቶቹ ቀና ከማለቱ በፊት ወደ ቤቷ ሄደች።