ቀዩን ጥብጣብ የቆረጥን ዕለት

የሰው ቋንቋ እንደ ሰው ቤት ነው፤ ደረጃው የት እንዳለ ሳያውቁ ዘው ቢሉ በአፍጢም መደፋት አለ። እኔ የተደፋሁት ግን ብቻዬን አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ይዤ ነው።

በደርግ ጊዜ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተርጓሚ ነበርኩ። ተርጓሚ ስላልኩ ሊቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከሌሎቹ የምሻለው መዝገበ ቃላት ስለነበረኝ ነው። ከውጭ ያዘዝነው የጽሑፍ ማባዣ መኪና አሰብ ወደብ ከደረሰ ስምንት ወር አልፎት የሦስት መሥሪያ ቤት ፊርማ ይጠብቃል። ታይፒስቶቻችን አንዱን ሰርኩላር ደጋግመው ሲመቱ ጣታቸው አብጧል። በዚህ መሐል ሻጩ ፈረንጅ ጻፈልን። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ «ቀዩን ጥብጣብ እንደቆረጣችሁ መኪናው እጃችሁ ይገባል።»

አለቃችን ጓድ ታምራት አነበቡና ጠረጴዛውን መቱ።

«ለካስ ምርቃት ነው የሚጠብቁት! ቀይ ማለታቸውም አብዮታችንን አክብረው ነው።»

በዚያው ቀን ከፒያሳ ቀይ ጥብጣብ ተገዛ፤ ለሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችም የጥሪ ወረቀት ሄደ።

ነገሩ ከነከነኝና ከሥራ ስወጣ አፍንጮ በር ጎረቤቴ የነበሩትን፣ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩትን ጋሽ ደምሴን ጠየቅኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ልጄ፣ በእንግሊዝኛ ‹ቀይ ጥብጣብ› ሲሉ የቢሮ ጣጣ ማለታቸው እኮ ነው! ‹ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና› የሚሉትን። ሄደህ እውነቱን ንገራቸው።»

በማግሥቱ ስገባ ጓድ ታምራት ንግግራቸውን እያጠኑ ነው።

«ምን ፈለግክ?»

በዚያ ዘመን «ፈረንጁ ቢሮክራሲያችሁ ሰለቸኝ ነው ያለው» ማለት ከአንገት በላይ ያለውን መሰናበት ነው።

«መቀስ ተዘጋጅቷል ወይ ልል ነው» አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ጥብጣቡ በባዶ ክፍል በር ላይ ተወጠረ፤ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ከእንግዶቹ አንዱ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው፣ «መኪናውስ?» አሉ። ጓድ ታምራት ወደ እኔ ዞሩ።

«አሰብ ነው ያለው» አልኩ፤ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «የእናንተን ፊርማ ይጠብቃል።»

ሦስቱ ሹማምንት ተያዩ። የሌለ መኪና መርቀው ፎቶ ተነሥተዋል! ፎቶው የበላይ አካል ዘንድ ሳይደርስ መኪናው መድረስ ነበረበት። ስምንት ወር የተኛው ወረቀት በአንድ ከሰዓት ፊርማውም ማኅተሙም ተሟላለት። መኪናው በሳምንቱ መጣ።

ጓድ ታምራት «ለትርጉም ጥራት» የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልኝ። ለጋሽ ደምሴ አሳየኋቸው። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«በትክክል ተርጉመኸው ቢሆን ኖሮ» አሉኝ፣ «መኪናው ይህን ጊዜ አሰብ ላይ ጨው ይልስ ነበር።»