ሦስት ምስክርና አንድ ምንሽር

ሰው አገር ሲቀይር ምን ይዞ እንደሚሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሱቄ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ ሥራዬ ጨርቅ መሸጥ ይባል እንጂ ዋናው ሥራዬ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ማየት ነው። አንዱ ፍራሽ ይዞ ይወርዳል፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ደግሞ ከመንደሩ ያመጣውን ቂም። ፍራሹ ያረጃል፣ ዶሮዋ ትታረዳለች፣ ቂሙም ቢሆን የዲላ ዝናብ ሲደጋግመው ይበሰብሳል። የባሌ አባት ግን ከመንዝ ዲላ ሲመጡ ይዘው የወረዱት ምንሽር ነው። ያንን አሮጌውን፣ ረጅሙን ጠመንጃ ማለቴ ነው። ምንሽር ደግሞ አይበሰብስም፤ በየሳምንቱ ዘይት ይቀባል።

አማቼ አባባ ደምሴ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። አንድ ክረምት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና የሚያነሳ መንገደኛ እስኪያልፍ ድረስ ጭቃው ላይ ቆዩ። ይህን የሰማን ዕለት ባሌ ታዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ ቢያዩት ኖሮ ከዚያ ወዲያ የሚፈራው አልነበረም። እናምጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ዲላ ተወልጄ ያደግሁ የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ አባቴን ያጣሁት ገና በልጅነቴ ነው። ቤቴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲስል፣ ሲያጉረመርም፣ ወጡ ጨው አነሰው ሲል መስማት አምሮኝ ነበር። እሳቸውም ብዙ ከተለመኑ በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ምንሽሬ ከመጣች እመጣለሁ አሉ።

በነጭ ጋቢ ጠቅልለዋት ነበር የመጡት። የአውቶቡሱ ረዳት የቤተ ክርስቲያን ጥላ መስሎት ጣሪያ ላይ ሊጭናት አልደፈረም። አጠገባቸው የተቀመጡት እናትማ መንገድ ላይ ደጋግመው ተሳልመዋታል። አባባስ ምን ይበሉ? እማማ፣ የሚሳለሙት አፈሙዝ ነው ይባላል?

በማግስቱ ጠዋት ምንሽራቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ከተማ ሊያዩ ወጡ። እሳቸው ባደጉበት አገር ጠመንጃ ልብስ ነው፤ ሳይዝ ገበያ የወጣ ሰው ሱሪውን እንደ ረሳ ይቆጠራል። ዲላ ላይ ግን ጠመንጃ አንግቶ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ከታየ ዘበኛ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አባባ ይህን በምን ይወቁ? ገና አስፋልቱን ሳይሻገሩ አንድ የቡና ነጋዴ አስቁሞ ደመወዝዎ ስንት ነው አላቸው። መልስ ሳይጠብቅ መጋዘኑን በጣቱ አሳያቸውና ሥራው ማታ ማታ ብቻ እንደሆነ፣ ካፖርትም እንደሚሰጥ አስረዳቸው። ሱቄ ሲደርሱ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ተቀምጠው ውሃ ጠጡ፤ ከዚያ «ካፖርት» አሉ። ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ የሚመለከተው ክፍል ደርሶ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ተጠሩ። የቢሮው ስም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር «የሚመለከተው ክፍል» ብዬ ብተወው ይሻላል። አባባ ማኅተም የተመታበት፣ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ የተሰነጠቀ ፈቃድ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ኃላፊው ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ አነበበና ይህ የዚያ አገር ፈቃድ ነው፣ እዚህ አያገለግልም አላቸው። ጠመንጃዋ አውቶቡስ ተሳፍራ መጥታለች፣ ፈቃዷ ግን መንዝ ቀርቷል ማለት ነው። አዲስ ፈቃድ እስኪወጣ ምንሽሯ ጣቢያ ትቀመጣለች። እስከዚያው አባባን በደንብ የሚያውቁ ሦስት የዚህ አገር ሽማግሌዎች መጥተው ስለ ጠባያቸው ይመስክሩ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ አይደል? አባባ ምንሽራቸውን ሲያስረክቡ የቆዳ ማንገቻዋን ፈትተው አስቀሩ፤ እሷን አልሰጥም አሉ።

ቤት ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማንገቻዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጎበዝ በሬ ሸጠው የገዟትን ጠመንጃ ትተው የእንጀራ ልጅ መስለው እንደማይኖሩ ነገሩን። «እስከ መስቀል ፈቃዱ ከወጣ እሰየው። ካልወጣ አገሬ እገባለሁ» አሉ።

አገሬ ያሉት ያ ጭቃ ነው። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔ ፈራሁ። ሰውዬው መጥተው ገና ወጡ ጨው አነሰው እንኳ አላሉኝም ነበር።

እንግዲህ አስቡት፤ ማንንም የማያውቁ ሽማግሌ ከፋሲካ እስከ መስቀል «በደንብ የሚታወቁ» መሆን አለባቸው። እንዴት ነው ሰው የሚታወቀው? ሹም ሲሆን፣ ሲሰርቅ ወይም ለቅሶ ሲደርስ። ለሹመቱ ዕድሜያቸው አለፈ፣ ለስርቆቱ ጠባያቸው አልፈቀደም። ስለዚህ ለቅሶ ላክኋቸው።

የሰፈራችን እድር ድንኳን ሲተክል ሁልጊዜ የሚጎድለው ምሰሶ ተሸካሚ ነው። ወጣቱ ሁሉ ምሰሶ ሲያይ ወገቡን ያመዋል። አባባ ዕድሜ ልኩን ጠመንጃ የለመደው ትከሻቸው ባዶ መሆኑ ቅር ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ ገና በመጀመሪያው ቀብር ትልቁን ምሰሶ አንስተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ በኋላ ያለ እሳቸው ድንኳን አልተተከለም። የእድሩ ዳኛ ሟቹን ከማስታወቁ በፊት አባባ ደምሴን ጥሩልኝ ማለት ጀመረ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሐጂ ከድር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸው ደጃፍ ወንበር አወጡላቸው። አንዳቸው ስለ መንዝ ብርድ፣ አንዳቸው ስለ ሐጅ ጉዟቸው ሙቀት ያወራሉ፤ ማንም ማንንም ሳያምን ምሳ ይደርሳል።

የእድሩ ዳኛና ሐጂ ሁለት ምስክር ሆኑ፤ ሦስተኛው ከዲላ አለፍ ብላ ያለችው የጪጩ ሰው አቶ በራሶ ናቸው። ከእኔ ጨርቅ የሚገዙ የቡና ገበሬ፣ በጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ በሶንጎው ቃላቸው የሚሰማ ሰው። አንድ ቀን አባባን ቤታቸው ጠሯቸውና እኔም ተከተልኩ። አባባ ጪጩ ደርሰው እንሰቱን፣ ከሥሩ ቡናውን፣ ከላዩ ትልልቁን ዛፍ አዩና እርሻህ የታለ ብለው ጠየቁ። አቶ በራሶ ሳቁ፤ መሀሉ ላይ ነው የቆምከው አሏቸው። የገብስ አገር ሰው፣ ሜዳ ካላየ እርሻ ያየ አይመስለውም። አባባ ዙሪያውን ቃኝተው ይህ ሁሉ ቡና ሲደርስ ማን ይጠብቀዋል አሉ። አቶ በራሶ ጥያቄው ግራ ገባቸውና ጎረቤት ነዋ ብለው መለሱ። ጎረቤቱንስ ማን ይጠብቀዋል ሲሏቸው እኔ አሉ። 

ምሳ ወሳ ቀረበ፤ እኛ ቆጮ የምንለው ነው፤ ማባያው ጎመን። እስከዚያ ቀን ድረስ አባባ እንጨት አልበላም ብለው ቤቴ ውስጥ ቆጮ ነክተው አያውቁም፤ እኔም የጉራጌ ልጅ ነኝና ዝም ብዬ ውጬዋለሁ፤ ስድቡን ማለቴ ነው። አሁን ግን ምስክር ፊት ተቀምጠዋል። ወሳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ብለው ጎረሱ። ደገሙም። ስንመለስ መንገድ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጎመኑ ጨው አነሰው አሉኝ። በደስታ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

የምስክሩ ቀን መስቀል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሐሙስ ቀን ዋለ። ጾም አይደለምና ዶሮ ሠርቼ፣ ለሐጂ የአባያ ዓሣ ጠብሼ፣ ድግሴን ከድኜ ተከተልኳቸው። ሐጂ ሱቃቸውን ሲዘጉ አይዞሽ፣ በሚገባ እናስፈቅድላቸዋለን ብለውኛል። ባሌ ክፍሉን ለሌላ መምህር ሰጥቶ መጥቷል። አባባ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፤ ማንገቻዋ ኪሳቸው ውስጥ ናት።

ኃላፊው ጥያቄውን ጀመረ። ይጠጣሉ ወይ? ሦስቱም አይጠጡም አሉ። እሑድ እሑድ የምቀዳላቸውን ጠላ ያነሳ የለም፤ ምስክር ማለት እንዲህ ነው። ይጣላሉ ወይ? ኧረ የተጣላ ያስታርቃሉ። ቂም የያዘባቸው አለ? ማን ይይዝባቸዋል! መልሱ እየጣፈጠ ሄደ፤ እኔ በልቤ ዶሮውን ማውጣት ጀመርኩ። በመጨረሻ ኃላፊው እንግዲያው መሣሪያ ቢይዙ ትስማማላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ።

አቶ በራሶ ለምንድነው የሚይዘው አሉ። ራሱን ለመጠበቅ አለ ኃላፊው። ከማን አሉ። ኃላፊው ወረቀቱን አየ፤ ይህ ጥያቄ እዚያ ላይ የለም።

«ደምሴ ጥሩ ሰው ነው» አሉ አቶ በራሶ። «ጥሩ ሰው መሣሪያ ምን ያደርግለታል? ማን ይነካዋል? የሚነካው ቢመጣ እኛ የት ሄደን ነው?»

ሐጂን በዓይኔ ለመንኳቸው። ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱና ወላሂ እውነቱን ነው አሉ። የእድሩ ዳኛም ተነስቶ፣ ጠመንጃ ያነገተ ትከሻ ምሰሶ እንደማይዝ፣ ይህም ለእድሩ ትልቅ ጉዳት እንደሆነ አስረዳ። ኃላፊው ጻፈ፣ አነበበላቸው፣ ሦስቱም ደስ ብሏቸው ፈረሙ። እንደዚያ ያማረ ምስክርነት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ምስክርነቱ ከማማሩ የተነሳ ፈቃዱ ተከለከለ።

አባባ ቤት ድረስ ፊት ፊት ሄዱ፤ ገብተውም የክፍላቸውን በር ዘጉ። ሻንጣቸው ከአልጋ ሥር ሲጎተት ሰማሁ። ምስክሮቹ ትልቅ ውለታ የዋሉ ሰዎች ናቸውና ሳሎን ተደርድረው ምሳ ይጠብቃሉ። አሁን ይህን ዶሮ ላቅርበው ወይስ ልክደነው? የምሥራች ነው እንዳልል አዛውንቱ ሊሄዱ ነው፤ ሐዘን ነው እንዳልል እንግዶቹ እየሳቁ ነው። ጭልፋዬን ይዤ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ባሌ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

በሩ ተከፈተ። አባባ የያዙት ሻንጣውን አይደለም፤ ከሻንጣው ውስጥ ያወጡትን፣ ከመንዝ የመጣ የታሸገ አረቄ ነው። ምስክሮቹን አንድ በአንድ አዩአቸው።

«በእኔ አገር እኛ የት ሄደን የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ» አሉ፣ «ያን በሬ አልሸጠውም ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ወጡ ጨው እንዳያንሰው ብለው ተቀመጡ። አረቄውን ከማይጠጡት ምስክሮች ሁለቱ ጠጡት፤ ሐጂ ለስላሳቸውን።

ምንሽሯን በዚያው ሳምንት ፈርመው ለመንግሥት አስረከቡ። ማንገቻዋ የእድሩ ምሰሶዎች ማሰሪያ ሆነች፤ ምሰሶ ሲነሳ እሳቸው ካላሰሩት አይታሰርም። አባባም መስቀልን ከእኛ ጋር ዋሉ፤ ከዚያም ገናን፣ ከዚያም ፋሲካን።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በዓመቱ ግን ጌታሁን የሚባል የአባባ የአገር ልጅ ሊነግድ ዲላ መጣ፤ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያየሁት እኔ ነኝ። እሱም አንግቷል። ያ የቡና ነጋዴ አስቆመው፤ ካፖርቱ ለካ አሁንም ባለቤት አላገኘም። ፈቃዱም እንደ አባባ መንዝ ቀርቶበት ሦስት ምስክር አምጣ ተባለ። ጌታሁን ግን አልደነገጠም። የሥጋ ዘመድ ያህል የሚቀርበው የአገሩ ሰው እዚህ የተከበረ ሽማግሌ ሆኖ አግኝቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አቶ በራሶንና ሐጂን አስከትለው ሄዱ። ማታ ጌታሁን ሱቄ ሲገባ ፊቱ በርበሬ መስሏል። አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ተጠይቀው የመለሱትን ከእሱ አፍ ሰማሁት፦ ጥሩ ልጅ ነው፣ መሣሪያ ምን ያደርግለታል፣ እኛ የት ሄደን ነው ብለዋል። የአገሬ ሰው ብዬ ተማምኜብዎት እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል እያለ አማረራቸው።

አባባ ቆሎውን ዘግነው ሰጡት።

«ልጄ፣ ዲላ ላይ ፈቃድ ከፈለግህ የሚጠላህ ምስክር ፈልግ» አሉት። «እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ።»