ለኤስ ኤስ ዲ የክብር ቦታ

(ወላይታ ሶዶ። ከኦቶና ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጌም ቤት። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኗል። ትርፌ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ በበዴሳ ገበያ ቅቤ ስትነግድ ኖራ፣ ጀርባዋ እምቢ ሲላት ይህችን ቤት የከፈተች ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ ጉልላት በኮምፒውተር ደረጃ ሦስት ጨርሷል፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። ትናንት ማታ ቤሌ ከተማ ከነበረበት ስልጠና ገብቶ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። እሷ ከኋላው ቆማ ጆይስቲክ በጨርቅ ትወለውላለች። አንዱን ግድግዳ የእናታቸው የመስታወት ቡፌ ይዞታል።)

ትርፌ፦ እኔ የምለው፣ የኳሱ ጌም ከዚያ ለምን ይነሳል?

ጉልላት፦ ቦታው ስላልሆነ።

ትርፌ፦ ሰው የሚመጣው እኮ ለእሱ ነው።

ጉልላት፦ ለዚህ ነው የሚነሳው። ስሚ፣ ሶፋ ገዛሽ እንበል። የሰፈር ልጅ ይዘልበታል?

ትርፌ፦ ሶፋ የለኝም።

ጉልላት፦ ቢኖርሽ።

ትርፌ፦ ቢኖረኝ እተኛበት ነበር።

ጉልላት፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) አንቺን ከሥር መጀመር ነው የሚሻለው። ሁለት ማስቀመጫ አለን። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ነው። አሮጌ፣ ሰፊ፣ ውስጡ የሚሽከረከር፣ ቀርፋፋ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ደገፉ ከሐዋሳ ያመጣልን ኤስ ኤስ ዲ ነው። አዲስ፣ ጠባብ፣ ፈጣን፣ ውድ። እንግዲህ ውዱ ላይ ማን ይቀመጣል?

ትርፌ፦ የቸኮለ።

ጉልላት፦ የተከበረ።

ትርፌ፦ ፈጣን ነው አላልክም? የበዴሳ ሞተር ላይ የሚወጣው የቸኮለ ነው። የተከበረው ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ በእግሩ ነው የሚሄደው።

ጉልላት፦ ሞተርና ፋይል አንድ ነው?

ትርፌ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ደገፉ ግን ያንን ነገር ሲሰጠኝ...

ጉልላት፦ አታቋርጪኝ። ይኸው፣ ስክሪኑ ላይ ሲ እና ዲ ይላል። ዲ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሲ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ኤስ ኤስ ዲው ነው። ገባሽ?

ትርፌ፦ ድሮም ሁለት ነበሩ እኮ።

ጉልላት፦ ድሮ ሁለት የነበሩት ሌላ ናቸው።

ትርፌ፦ ስማቸውም ሲ እና ዲ ነበር።

ጉልላት፦ ስም ይወረሳል። አባታችን ዳና አልነበረም? የአጎታችን ልጅስ ማነው?

ትርፌ፦ ዳና።

ጉልላት፦ አየሽ። አንድ ሰው ናቸው?

(ትርፌ ይህን ስታስበው ትክክል መሰላት። ጉልላት ሲናገር ብዙ ነገር ትክክል ይመስላል፤ ችግሩ የሚመጣው ዝም ሲል ነው። ወደ ቡፌው ዞር ብላ አየችና መወልወሏን ቀጠለች።)

ትርፌ፦ እሺ፣ ጌሙ ተነሳ። በቦታው ማን ገባ?

ጉልላት፦ አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቪዲዮ። ሁለተኛ፣ የጓደኛዬ የመልካሙ ሠርግ።

ትርፌ፦ መልካሙ ከሚስቱ ከተለያየ ሁለት ዓመቱ አይደለም?

ጉልላት፦ ሠርጉ ግን ጥሩ ነበር። ሦስተኛ፣ የአቅም ግንባታ ሰርተፍኬቶቼ፣ ከነፎቶው። ዘጠኝ ናቸው። የትናንቱ ሲጨመር አሥር።

ትርፌ፦ አሥር ጊዜ የተገነባ አቅም እስካሁን ጣራ አልደረሰም?

ጉልላት፦ ሳቂ። እኔ የሠራሁት በአሠራር ነው። ከላይ አንድ ግንባር ቀደም ፋይል አለ፤ አምስት ፋይሎች በሥሩ ይጠረነፋሉ።

ትርፌ፦ ሳምንት ሳምንት ይሰበሰባሉ?

ጉልላት፦ ቀልድ አይደለም።

ትርፌ፦ እየቀለድኩ አይደለም። ጉልላት፣ አራት ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ለውድድር ይመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ጌሙ እስኪከፈት ጠብቀው ጠብቀው፣ አለቃቸው ቃለሕይወት "እማማ፣ እኛ ዘንድሮ ተመራቂ ነን" ብሎኝ ሁሉንም ይዞ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ቦልቴ ጌም ቤት ሄደ። ዛሬም ከሄዱ አይመለሱም። እኔም ቅቤዬን ተሸክሜ በዴሳ ነኝ።

ጉልላት፦ በዴሳ ምን አላት?

ትርፌ፦ ዳገት አላት።

(ኮምፒውተሩ ጠርርር ማለት ይጀምራል፣ ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ እንደሚገፋ።)

ትርፌ፦ አዲሱ ሳይሽከረከር፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሠራው አላልክም?

ጉልላት፦ አዎ።

ትርፌ፦ ታዲያ ማነው የሚጮኸው?

ጉልላት፦ ሃርድ ዲስኩ ነው። ጌሙ ገብቶበት ከብዶት ነው።

ትርፌ፦ አሁን እኮ የምትገለብጠው ጌሙን አይደለም፣ ሠርጉን ነው።

ጉልላት፦ (ቆጣ ብሎ) ሠርግ ድምፅ አይኖረውም?

(ትርፌ ጆይስቲኩን ታስቀምጣለች። መናገር ፈልጋ ትተዋለች፣ ደግሞ ትናገራለች።)

ትርፌ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ኤስ ኤስ ዲው ገመድ አይፈልግም?

ጉልላት፦ ስልክሽ ስትደውይበት ገመድ አለው?

ትርፌ፦ የለውም።

ጉልላት፦ ቴክኖሎጂ የት እንደደረሰ ተመልከቺ። በይ አሁን ዝም ብለሽ እይ። ድልድሉ አልቋል። ጌሙን እከፍታለሁ።

(ይከፍታል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ መሽከርከር ትጀምራለች። ትርፌ መጥረጊያ አንስታ ከበሩ ጀምራ እስከ ጓሮ ትጠርጋለች። ወንበሮቹን ታነሳለች፣ ሥራቸውን ትጠርጋለች፣ ትመልሳቸዋለች። ቆሻሻውን አፍሳ ወጥታ ደፍታ ትመለሳለች። ክቧ ገና ትሽከረከራለች።)

ትርፌ፦ ትናንት እንኳ መሀል ቤት ሳልደርስ ይከፈት ነበር። ዛሬ ባሰበት።

ጉልላት፦ መጀመሪያ ላይ ግር ይለዋል።

ትርፌ፦ ማንን?

ጉልላት፦ ሲስተሙን። የአመለካከት ችግር አለበት። ለውጥን ቶሎ አልተቀበለም።

ትርፌ፦ ግምገማ እንቀመጥለት?

(የትርፌ ስልክ ይጮኻል። ታነሳለች። "አቤት ቃለሕይወት... አዎ... ተነስታችኋል? ስንት ናችሁ? አሥራ አንድ... አዎ፣ ይሠራል... አይ፣ እንደ ባለፈው አይደለም።" ስልኩን ስትዘጋ የድሮው የቅቤ ገንቦ ገመድ ትከሻዋ ላይ የጠበቀ መሰላት። ወንበር ስባ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።)

ትርፌ፦ ኢሻ፣ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ።

ጉልላት፦ በይ።

ትርፌ፦ ኤስ ኤስ ዲው ከምን ያህል ርቀት ይሠራል?

ጉልላት፦ ከምን ርቀት ማለት?

ትርፌ፦ ማለቴ፣ ከቡፌው እስከዚህ ይደርሳል ወይ?

(ጉልላት ፊቱን ከስክሪኑ በቀስታ ያዞራል። ትርፌ ካንገቷ ቁልፍ አውጥታ ቡፌውን ትከፍታለች። የእናታቸውን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ወደ ጎን አድርጋ፣ በዳንቴል የተጠቀለለ እንደ ዳቦ ቁራሽ የሳሳ ነገር ታወጣለች። ዳንቴሉን ስትገልጠው ኤስ ኤስ ዲው ከነፕላስቲኩ፣ ገመዶቹም ከጎኑ ታስረው ይታያሉ።)

ጉልላት፦ ይሄን... ይሄን ማነው እዚህ የከተተው?

ትርፌ፦ አንተ።

ጉልላት፦ እኔ ቤሌ ነበርኩ።

ትርፌ፦ ከቤሌ ነው ያዘዝከኝ። ደገፉ "ባለሙያው ወንድምሽ ይግጠመው" ብሎ ሰጥቶኝ ሄደ። ደወልኩልህ። "ያላዋቂ እጅ እንዳይነካው፣ የክብር ቦታ አስቀምጪው" ብለህ ዘጋህ። ከእናታችን ብርጭቆ አጠገብ የሚበልጥ የክብር ቦታ የለኝም።

ጉልላት፦ እኔ ደገፉ ገጥሞት የሄደ መስሎኝ... ታዲያ ሲ ምንድን ነው?

ትርፌ፦ እሱን እኔ ልጠይቅህ ነበር።

ጉልላት፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ያው አሮጌው ይሆናላ። አንዱን ሃርድ ዲስክ ሁለት ቦታ ከፍለው፣ አንዱን ሲ፣ አንዱን ዲ ብለውት።

ትርፌ፦ ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ከሱሪህ ግራ ኪስ እያወጣህ ቀኝ ኪስህ ስትከት ነበር።

ጉልላት፦ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?

ትርፌ፦ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። አንዱን አቋረጥከኝ፣ አንዱን በአባታችን ስም ዘጋኸኝ፣ ለአንዱ ስልክ ያለ ገመድ ይሠራል አልከኝ። እውነት መሰለኝ። አሁን ተወውና ግጠመው። ሃያ ደቂቃ አለን።

(ጉልላት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲፒዩውን ጠረጴዛ ላይ ያወጣል። በፊት በኩል ያየዋል። በጀርባው ያየዋል። በጎን መታ መታ ያደርገዋል። ገልብጦ ሥሩን ያያል።)

ትርፌ፦ ምን ትፈልጋለህ?

ጉልላት፦ ይሄ ሞዴል ለየት ያለ ነው። በ... በየት በኩል ነው የሚከፈተው?

(ትርፌ ከሽርጧ ኪስ ካቻቪቴ አውጥታ ከኋላ ሁለት ብሎን ትፈታለች። የጎኑ ክዳን በእጇ ላይ ይቀራል።)

ጉልላት፦ አንቺ ይሄን የት ተማርሽ?

ትርፌ፦ የሶዶን አቧራ ማን ያራግፍለት ነበር? ሐሙስ ሐሙስ እከፍተዋለሁ። አንተስ ደረጃ ሦስት ድረስ ምን ተማርክ?

ጉልላት፦ ቲዎሪ።

(ትርፌ የአሮጌውን ዲስክ ገመዶች ታያለች፤ ከአዲሱ ጋር የመጡትን ገመዶች ታያለች። መሳዩን ከመሳዩ ትሰካለች። ክዳኑን ትመልሳለች። ጉልላት ኮምፒውተሩን ያስነሳል፤ ስክሪኑ ላይ እስካሁን ያልነበረ ሦስተኛ ማስቀመጫ ሲወጣ ድምፅ አላሰማም። ሳትነግረው የኳሱን ጌም ወደዚያ ይገለብጣል። ሠርጉንና መዘምራኑን ወደ ዲ ይመልሳል። ሰዓቱ አራት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ውጭ የብዙ ወጣቶች ሳቅ ይሰማል።)

ጉልላት፦ ልክፈተው?

ትርፌ፦ ክፈተው።

(ይከፍታል። ትርፌ እንደ ልማዷ መጥረጊያውን ታነሳለች። ገና ሳታጎነብስ አረንጓዴው ሜዳ ስክሪኑን ይሞላል። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ መልሳ ታስደግፋለች። ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ይላል።)

ጉልላት፦ (ካቻቪቴውን እያገላበጠ) እትዬ።

ትርፌ፦ አቤት።

ጉልላት፦ ሰርተፍኬቶቼንስ የት ላድርጋቸው?

ትርፌ፦ (የቡፌውን ቁልፍ እያቀበለችው) አሳትመህ አምጣቸው። የክብር ቦታው አሁን ተለቋል።