በጣውላ ግድግዳ የሰማሁት የመጨረሻ ክፍል

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ረቡዕ ቀን ነው። ሰው ክፉ ቀኑን ሲያነሳ ዓርብን ወይም ማክሰኞን ይጠራል፤ ረቡዕን የሚጠረጥር ግን አላጋጠመኝም። ጾም ነው፣ ሽሮ ነው፣ የሳምንቱ ወገብ ነው፤ ከዚህ ምን ክፉ ይወጣል ትላላችሁ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ዛሬ ግን ረቡዕ ሲነጋ ከአልጋዬ የምወርደው ግራ ቀኜን አይቼ ነው።

ሰላይ በቴሌቪዥን ሲታይ ደስ ይላል። ካፖርቱ ያምርበታል፣ ሲጋራ አያያዙ ያምርበታል፣ ሲዋሽ እንኳ ያምርበታል። እኛ ደግሞ ወንበራችን ላይ ተመቻችተን «አይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ጮሌ ነው» እንላለን። የሚያስጠላው ጎረቤት ሆኖ ሲገኝ ነው። ከሁሉ የሚያስጠላው ደግሞ ሰላይ ይሁን ወዳጅ ሳይታወቅ አብሯችሁ ሲያረጅ ነው። የኔ ነገር እንደዚያ ነው።

ጊዜው ቀይ ሽብሩ አለቀ የሚባልበት ነበር። ያለቀው ሰው ነው እንጂ ሽብሩማ በየቤታችን ቁጭ ብሎ ራቱን ይበላ ነበር። ያኔ ጎፋ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ሰፈሩ የሚያየው የቀበሌውን ነው። ቴሌቪዥኑ አዳራሹ ፊት ለፊት፣ መቆለፊያ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይኖራል፤ ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ኪስ አይወጣም። ረቡዕ ማታ ሳጥኑ ይከፈትና ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ ተከታታይ ፊልም እናያለን። ፊልሙ የሚናገረው ማናችንም የማናውቀውን ቋንቋ ነው፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ ከሳጥኑ ጎን ቆሜ፣ የሚሮጠውን እያሳደድኩ፣ በአማርኛ እጮሃለሁ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚያንጎዳጉድ ጩኸቴ ይጨምራል። መንገድ ላይ ልጆች «ሻምበሉ መጣ» ይሉኝ ነበር፤ ድምፅ የምሆንለት እኔ ነኛ።

ሻምበሉ የፊልሙ ዋና ሰው ነው። የጦሩ የምስጢር ክፍል ሰዎች ስማቸውን ቀይረው አንዲት ከተማ ይገባሉ፤ እሱ አለቃቸው ሰዓት ሠሪ መስሎ ሱቅ ይከፍታል። ከአንድ ሐኪም ጋር ይወዳጃል። ሐኪሙ ለጠላት ይሠራል ተብሎ ተጠርጥሯል፤ ይሥራ አይሥራ ግን ፊልሙ አይነግረንም። ሻምበሉ በየሳምንቱ ሐኪሙ ቤት ራት ይበላል፣ ሚስትየዋ ሾርባውን ትጨምርለታለች፣ ልጃቸውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሰዓት ድምፅ ያሰማዋል። እኛም እየሰለለ መሆኑን እያወቅን ወደድነው። የፊልሙ ተንኮል ይኼ ነበር፤ ማንን እንደምንጠላ አልነገረንም። በዚያ ዘመን ማንን እንደምንጠላ ሳይነግረን ያለፈ ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ታደሰን ላስተዋውቃችሁ። ታደሰ ዩኒቨርሲቲ አብረን የገባን፣ ጎፋ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር፣ ከአንድ ገበታ የምንበላ ጓደኛዬ ነው። እኔ መሥሪያ ቤት ስቀጠር እሱ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ሆነ። «አንዳችን እንኳ ከውስጥ እንሁን» ይለኝ ነበር። ከምን ውስጥ ብዬ አልጠየቅኩትም። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንድሄድ ተመርጬ ስለነበር፣ ልቤ ከሻንጣዬ ቀድሞ ሄዷል።

የዚያ ረቡዕ ለት ሐኪሙ ተያዘ። ከራት ገበታ ላይ፣ ማንኪያው እጁ ላይ እንዳለ። ያስያዘው ሻምበሉ ነው። ሚስትየዋ ወደ ሻምበሉ ዞር አለችና አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ከሥር ያለውን አነበብኩና በአማርኛ አልኩት፦ «ከገበታችን በልተህ?»

ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር የማይጠፉት እትዬ አስካለ ተነሡ። እትዬ አስካለ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ አንድ ልጃቸውን «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው የወሰዱባቸው ሴት ናቸው። ልጁ አሁንም አልተመለሰም። ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው ሻምበሉን «የበላኸው እህል ይፍረድህ» አሉት።

አዳራሹም በአንድ አፍ «አሜን» አለ።

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። እኛ ሰዎች ከትልቅ ሴት አፍ ምርቃት ይውጣ እርግማን፣ አሜን ማለት እንደ ማስነጠስ ነው፤ የሚከለክለው የለም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለ። ጠመንጃ ተደግፎ በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃም አለ፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይኼ ነው።

ሊቀመንበሩ ተነሣ። ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ሳጥኑን ቆለፈ፣ ከዚያ በሩ እንዲዘጋ አዘዘ። ሰዓት እላፊ ሊገባ ነው። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ሳይሆን የሊቀመንበሩን እጅ ያያል።

«አሜን ያለው ማነው?» አለ።

ማንም አላለም።

«የሶሻሊስት ሠራዊት ጀግና ነው የተረገመው። በሕዝብ አዳራሽ። እና ማንም አላለም።»

«እኔ የረገምኩት ሰዓት ሠሪውን ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና መልሶ ዋጠው።

«ጓድ ሊቀመንበር ነው የሚባለው። ወደዚህ ይምጡ» አላቸው። ጥበቃው ክንዳቸውን ያዘ። ያኔ ነው ታደሰ ከጥግ ብድግ ያለው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕዝቡ አላጠፋም። የሰማው ሌላ ነው። ሴትየዋ ‹ከገበታችን በልተህ› አላለችም። አስተርጓሚው ከራሱ ጨምሮበታል።»

«እና ምን አለች?»

«‹ምን አጠፋን› ነው ያለችው።»

እኔ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን የሚሮጥ እንግሊዝኛ ማንበብ የምንችል ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ ከሳሽ ሆነ፣ ሌላው ተከሳሽ፣ ምስክር የለም። «ታዴ» አልኩት። አላየኝም። «ዝም በል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ስንሰማ እንደሚለኝ ዓይነት። እትዬ አስካለን ለቀቋቸው። እኔን አዳራሹ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት አስገቡኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ለት ከበላይ የመጣ የጭነት መኪና ጎፋ ገባ። የተማሩ የተባሉትን ከየቤታቸው ለቀመ። እኛም ቤት ሄደው ነበር፤ አከራያችን በኋላ ነገሩኝ። ስሜን ጠርተው ሲጠይቁ «እሱማ ቀበሌ ታስሯል» ተባሉ። «በቃ፣ ተይዟል» ብለው ሄዱ። በዚያች መኪና ከሄዱት አንድም ሰው አልተመለሰም። የቅስቀሳ ኃላፊ የሆነ ሰው ዓርብ የሚመጣውን መኪና ረቡዕ ያውቃል? አያውቅም? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

አትቸኩሉ፣ ገና አልጨረስኩም። ቀጣዩ ረቡዕ የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ነበር። ዕቃ ቤቷን ከአዳራሹ የሚለያት የጣውላ ግድግዳ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ሰማሁ፣ ሙዚቃው ሲጀምር ሰማሁ፣ ከዚያ የሚያስተረጉመውን ሰው ሰማሁ። ታደሰ ነው። ታደሰ አነጋገሩ ቀስ ያለ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ እንኳ ጨው አቀብለኝ ሲለኝ «ምን አልክ» የምለው። የዚያን ለት ግን ይጮህ ነበር። ጣሪያው ላይ ዝናብ አልነበረም።

ሻምበሉ እስር ቤት ሄዶ ሐኪሙን ያነጋግረዋል። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ሻምበሉ ይመልሳል። ታደሰም በጩኸት አስተረጎመ፦ «እዚህ ያስገባሁህ እንዳትሞት ነው። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አላገኘሁልህም።»

ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ ቀረሁ። ይኼ ፊልሙ ያለው ነው? ወይስ ከራሱ ጨምሮበት ነው?

ከወራት በኋላ ስፈታ ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅኩ። «ያን ሲል የሻምበሉ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር?» እላለሁ። ሰው አብዷል ብሎ ያየኛል። አንዱ «አዎ፣ ብዙ አወራ» አለኝ። ሌላው «ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ያወራ አያውራ አይታይም» አለኝ። እትዬ አስካለ ደግሞ «እኔ ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማየው» አሉኝ። ፊልሙ ድጋሚ አልታየም። ታደሰንም አላገኘሁትም፤ ወደ ውጭ አገር ሄዷል። ለትምህርት። በእኔ ቦታ። የታሰረ ሰው አይሄድምና የተጓደለውን ቦታ የሚሞላ አብዮታዊ ወጣት ተፈልጎ ነው አሉ።

ካዳነኝ ቦታዬን ለምን ወሰደ? ከሸጠኝስ ለምን ጮኸ? ዕድሜዬን የጨረስኩት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ነው። ከመሥሪያ ቤቴ ተባርሬ ዘበኛ ሆኜ የሰው ሲሚንቶ ስጠብቅ፣ ዲግሪዬ ዝናብ በሚያስገባ ጣሪያ ሥር ሲያረጅ፣ እሱ ተምሮ ተመለሰ፣ መካኒሳ አቦ አጠገብ ቤት ሠራ፣ ደርግም ሄደ። ኋላም ጌታን ተቀበለ። በየእሁዱ ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል ይሉኛል፤ የጠጣውን፣ የዋሸውን፣ የሄደባቸውን ሴቶች ሁሉ። እኔን ግን አንድም ቀን አላነሳም። በታደሰ ምስክርነት ውስጥ እኔ ኃጢአትም አይደለሁ፣ ጽድቅም አይደለሁ።

በቀደም እትዬ አስካለ ዐረፉ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ መጥቶ የተቀመጠው ማን ይመስላችኋል? ሸምግሏል። ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለኔ ሰጠኝ፤ ጥንትም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

«ታዴ፣ ያቺ ‹እንዳትሞት ነው› ያልካት ነገር፣ ፊልሙ ውስጥ ነበረች?» አልኩት።

«የቱ ፊልም?» አለኝ።

«ታውቀዋለህ።»

«ብላ እስቲ። ሰው እየሞተ ስለ ፊልም ትጠይቀኛለህ?»

የራሱንም ቁራሽ እጄ ላይ ጨመረልኝ። ይኼም ቢሆን ምንም አያስረዳም፤ ለቅሶ ቤት ብላ የማይል ሰው የለም።

ታደሰ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ጋዜጣ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ እንደምትከታተል ሰዎች ነግረውኛል። ሆድ ይፍጀው ያልነው ነገር ሆዳችንን ፈጅቶ ጨርሷል። ቦታዬን መልስ አልልህም፤ ዕድሜዬንም አልጠይቅህም። አንዲት መሥመር ናት የምጠይቅህ፦ የፊልሙ ነበረች ወይስ ያንተ? ያንተ ከሆነች መጥቼ ጉልበትህን እስማለሁ። የፊልሙ ከሆነች ደግሞ እትዬ አስካለ የጀመሩትን የምጨርሰው እኔ ነኝ። የበላኸው እህል ይፍረድህ ብለው ሄደዋል፤ አሜኑ እስካሁን አፌ ውስጥ ነው። ልትፋው ወይስ ልዋጠው? መልስልኝ።