የሐጂ እንድሪስ በርሜል

ሰሞኑን ቴሌቪዥን ከፍቼ አንድ ትልቅ ድርጅት ይቅርታ ሲጠይቅ አየሁ። መቼም ይቅርታ ካልከው ነው። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ወረቀት ዘርግቶ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ማን ፈጠረው? እሱን አላለም። መጉላላቱ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ ደግሞ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል አለ። ኮሚቴ ሲቋቋም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ እኔም አንተም እናውቃለን፤ እንተወው።

ብቻ ሰውዬውን ሳይ ሐጂ እንድሪስ ትዝ አሉኝ። አታውቃቸውም። ከወረታና ከአካባቢዋ ሰው ሌላ የሚያውቃቸው የለም። በጋዜጣ አልወጡም፣ ሐውልት አልቆመላቸውም። ግን ከሰው ፊት ቆሞ ስለ ስሙ መናገር ምን እንደሆነ ያየሁት ከሳቸው ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። እኔ ያኔ ወረታ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት በሐጂ እንድሪስ ዘይት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ እጁና እግሩ ሥራ ላይ ነው እንጂ ጆሮው ቦዘኔ ነው። የማይሰማው ነገር የለም። እኔም ሥራዬ እየተበላሸም ቢሆን ብዙ ሰምቻለሁ።

ሐጂ ዱሮ የከብት ሀብታም ነበሩ። ያን ሁሉ የፎገራ ከብት ሸጡና በሞተር የሚሠራ የኑግ መጭመቂያ አስመጡ። ሰው ሁሉ አበዱ አለ። ላም ሽጦ ብረት የገዛ ሰው ታይቶ አያውቅማ! በኋላ ግን ኑግ መውቀጥ የሰለቸው ባልቴት ሁሉ ጠርሙሱን እያንጠለጠለ እሳቸው ደጅ ተሰለፈ። ዘይቱን ሰው ይወስዳል፣ ፋጉሎውን ከብት ይበላል። ዐቢይ ጾም ሲገባማ ሞተሩ ዕረፍት የለው። የዓመት ገቢያቸው የሚመጣው ያኔ ነው። እሳቸው ሙስሊም ሆነው ዐቢይ ጾምን እንደሳቸው በናፍቆት የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። የምጾመው እኔ እንኳ እንዲያ አልናፍቅም ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ጾሙ ሳይጋመስ፣ የሺ የምትባል የቁሐር ሚካኤል ሴት ገበያ መሐል ቆመችና «የሐጂ ዘይት ቅቤ ቅቤ ይላል» አለች። በቃ፣ ይችኑ ነው ያለችው። ወሬው እህል ተራ ሲደርስ ዘይቱ ግማሹ ቅቤ ነው ተባለ። ከብት ተራ ሲደርስ ሞራ ተጨመረበት። ሐሙሲት ደርሶ ሲመለስማ፣ ሐጂ እንድሪስ ክርስቲያኑን ጾም ሊያስፈቱ ሆን ብለው ያደረጉት ነገር ሆኖ አረፈው።

እዚህ ላይ ነው የከፋው። የተበላሸ ዘይት ይደፋል፣ ሌላ ይጨመቃል። እንዲህ ያለ ወሬ ግን አብረው ያደጉ ጎረቤቶችን ያቆራርጣል። በሠርግ የሚጠራሩ፣ በለቅሶ የሚደራረሱ ሰዎች ናቸው እኮ! ሴቶቹ ዘይት ፍለጋ ይፋግ ድረስ መሄድ ጀመሩ። «ሐጂ፣ እንደምን አደሩ?» ሳይል የማያልፈው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያልፍ ጀመር። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁላቸው።

ሐጂ ወሬውን የሰሙ ዕለት ሞተሩን አስጠፉ። ማንኪያ ይዘው መጋዘን ገቡና በርሜሉን ሁሉ ተራ በተራ ቀመሱ። ጥግ ያለው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ደግመው ቀመሱ። ከዚያ መጭመቂያውን የሚያሠራውን የሚስታቸውን ወንድም ሰይድን ጠሩና ይሄ በርሜል ከየት መጣ አሉት።

ሰይድ ምንም አልደነገጠም። ቅቤ ወደ ጎንደር ይጫንበት የነበረ ነው፣ ባዶውን ሳገኘው በአሸዋና በውኃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ሞላሁበት አለ። ምን ጥፋት አለው? እኛ ክርስቲያኖቹ ቤት ጾም ሊገባ ሲል ድስቱ በአመድ ይፈተጋል፣ የቅቤው ዕቃ ለብቻው ዞር ይላል። የፍስክ ማማሰያ የጾም ወጥ ውስጥ ቢገባ ሚስቴ አገር ይያዝልኝ ትላለች። ሰይድ ቤት ግን ቅቤ የነካው ዕቃ ከታጠበ ታጠበ ነው። ቅቤው ደግሞ በበርሜሉ መጋጠሚያ ውስጥ ተወሽቆ ኖሯል። የፎገራ ሙቀት ሲያገኘው ቀልጦ ወጣ።

በዚህ መሐል አንድ ጎንደር የተማረ ጸሐፊ ሱሪ ሊያሳጥር እኔ ዘንድ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ሐጂን ሊመክራቸው ተነሣ። ምክሩ፣ ልንገርህ፣ ቀላል ምክር አልነበረም። ማን ያረጋግጣል አላቸው። ቅቤ መሆኑን ለማወቅ መቅመስ ያስፈልጋል። የቱ ክርስቲያን ነው በዐቢይ ጾም ቅቤ ሊቀምስ የሚመጣ? ዳኛው ይጾማል፣ ቄሱ ይጾማል፣ ጭቃ ሹሙም ይጾማል። ስለዚህ ምስክር የለም። «ሐጂ፣ የለበትም ብለው ይማሉና ይገላገሉ» አለ። መሐላው ከከበደዎት ደግሞ ጥፋቱን ሰይድ ላይ ጥለው ለጊዜው ያባሩት፣ ሕዝቡ የተባረረ ሰው ሲያይ ልቡ ይረጋል አላቸው። ይሄ ልጅ ዛሬ ቢኖር ከረባቱን አስሮ ቴሌቪዥን ላይ ነበር።

ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «የነሱ አፍ በጾም ታስሯል። ሊቀምሰው የሚችለው እኔ ብቻ ከሆንኩ፣ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገር?»

ስለ ሰይድ ደግሞ፣ ልጁ ያጠበው የኔን በርሜል ነው፣ የሞላው የኔን ዘይት ነው፣ የተሸጠው በኔ ስም ነው፣ ታዲያ እሱን የት ነው የማባርረው አሉ። ጸሐፊው ሱሪውን ሳይወስድ ሄደ።

የገበያ ቀን ደረሰ። ሐጂ በርሜሉን አንከባለው አውጥተው ደጃፋቸው ላይ አቆሙት። መምሬ ተገኘንም አስጠርተው ነበር። መምሬ የግማሹ ገበያ የንስሐ አባት ናቸው። ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ ሊሰማ፣ ግማሹ ሊሳደብ ነው የመጣው። እኔ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ሰይድ በሩን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ቅቤ አለበት» አሉ።

ሰው ክርክር ነበር የጠበቀው። ከማን ጋር ይከራከር?

«የሺ አልዋሸችም። ቀምሼዋለሁ። ሞራ ግን የለበትም፣ ተንኮልም የለበትም። የቅቤ በርሜል ነው፤ እኔ ሳላይ ዘይት ተሞላበት። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚህ የወሰደ ይመልስልኝ፣ ከደህናው እሰፍርለታለሁ። ድስቱ የተነካበትም ድስቱን ያምጣ፣ ቤተ ሰቤ በአመድ ፈትጎ ይመልስለታል።»

ከዚያ ወደ መምሬ ዞሩ። «መምሬ፣ በኔ ጥፋት ጾማቸው ፈርሶ እንደሁ፣ ቀኖናው ምንድን ነው? ለኔ ይስጡኝ።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። ሐጂ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊሰግዱ! እኔ ግን አልሳቅኩም። እንባዬ መጣ። እኔ ለራሴ ኃጢአት ቀኖና ስቀበል እንኳ ቅናሽ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

መምሬ ተገኘ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ሐጂ፣ ይተዉት፣ የኔን ሥራ አይሻሙኝ» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሳያውቅ የበላ ሰው ጾሙ ጾም ነው፣ ምንም አይከፋው አሉ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ግን አላበቁም።

«ቅቤነቱን በምላሱ ዐውቆ፣ ጣፍጦት፣ ዝም ብሎ የበላ ካለ ግን ነገ ጧት እኔ ዘንድ ይምጣ። እሱ ይሰግዳል፣ አሳምሮ ይሰግዳል። እስቲ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል ያላችሁት እነማን ናችሁ?»

ወዳጄ፣ ያን ጊዜ የወረታን ገበያ ባየኸው! ሰው ሁሉ እግሩን ያይ ጀመር። ዓይን ሁሉ የሺ ላይ ሲያርፍ የሺ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳብ አደረገች።

«ኧረ እኔስ ጉንፋን ይዞኝ ከርሟል፤ ምኑን አሽትቼ፣ መምሬ!» አለች።

ሞራ ነው ያለው ሰውዬ ከሰው ሰምቼ ነው አለ። የነገረውም ከሌላ ሰምቼ ነው አለ። ሚስቴ ሳትቀር፣ ሰሞኑን ሙሉ «ዘንድሮ ኑጉ ምን ነካው፣ ወጡ እንዲህ የሚጥመው» ስትል የከረመችው ሴት፣ እኔ ያስቀዳሁት ከሌላው በርሜል ነው አለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ወዲያው ጠርሙስ ይዞ መሰለፍ ሆነ። የሺ ከፊት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘይት ብሎ ይፋግ የሄደ ሰው አላየሁም። ሐጂ ግን የተወሰደውን አምጡልኝ እያሉ ሲለምኑ ዋሉ። አንድም ሰው አላመጣም። ማን ያመጣል? ያመጣ ሰው እኮ ዐውቋል ማለት ነው! በርሜሉ ገሚሱ ጎድሏል፤ ከበርሜሉ የገዛ ሰው ግን በወረታም በቁሐርም ጠፋ። ቢቸግራቸው የቀረውን ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው አከፋፈሉት። ሰይድም ሥራው ላይ ቀረ። በርሜል በሞላ ቁጥር ሰው እየጠራ ያሳይ ነበር።

ሐጂ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። አንዳንዴ ጨዋታ ሲነሣ «ያን ዓመት እንኳ ዘይቴ ውስጥ ቅቤ ገብቶ…» ብለው ሲጀምሩ ከየአቅጣጫው ይጮኽባቸዋል። የሺማ አታስጨርሳቸውም። «ኧረ ይተዉ ሐጂ! ስምዎን ሊያጠፉ ያወሩት ነው!» ትላለች። ሐጂም ኧረ በአላህ፣ ቅቤ ነበረበት፣ ራሴ ቀምሼዋለሁ እያሉ ይምላሉ። የሚሰማቸው የለም። እስከ ዕለተ ሞታቸው በወረታ የሐጂ እንድሪስን ስም የሚያጠፋ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ሐጂ እንድሪስ።