ሳትፈተሽ ያለፈችው

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል እቴነሽ ሕልም አየች። በሕልሟም ያው ሥራ ላይ ነበረች፤ መቼም ዕረፍት አልተጻፈላትም። እቴነሽ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ የሴቶች ፈታሽ ናት። ቦርሳ ታስከፍታለች፣ ወገብ ትዳብሳለች፣ ጠጠር ያለ ነገር እጇን ከነካት «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። አንድ አመል ብቻ አለባት። ሞቅ አድርጎ ሰላም ያላትን ሰው መፈተሽ ያሳፍራታል። ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «እለፊ እናቴ» ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግራ ጡቷ ውስጥ ሽንብራ የምታክል ጠጣር እብጠት አለች፤ ያቺንም እንዲሁ አሳልፋት ለማንም ሳትናገር ከረመች።

በሕልሟ በሩ ያው በር ነው፤ ግንቡ ግን ለስላሳና ሞቃት ሆኗል፣ ቀስ እያለም እንደ ልብ ይመታል። ከመንገዱ ማዶ በጎች ተሰብስበው ሰው ይገዛሉ። አንዱ ሙክት የአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ዳበሰና «ይሄስ አጥንት ብቻ ነው» ብሎ ጥሎት ሄደ። ሰውዬው ቅር አለው።

«እዚያ ምን ታያለሽ? ሰው እየመጣ ነው!» አለ ጋሽ ቶሎሳ። ጋሽ ቶሎሳ የወንዶቹ ፈታሽ ነው። በውኑ ቃል የማይወጣው ሰው በሕልሟ አለቃ ሆኖ አፉ ተፈቷል።

የመጣችው ሴት በጣም ሰፊ ነበረች። ሁለት ሻርፕ፣ ሁለት ቦርሳ፣ አራት ጫማ ይዛለች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለቻት እቴነሽ።

«ሁለት ልሆን ነዋ! ሰፈሩ አንድ ሰው ጎድሎበታል።»

ጋሽ ቶሎሳ አስረዳት። እዚህ አገር ሰው አይወለድም፣ ለሁለት ይከፈላል። ከመከፈሉ በፊት ያለውን ሁሉ በልኩ ይገለብጣል፤ ግልባጩ እዚህ በር ላይ ይፈተሻል። የተዛነፈ ነገር ካለ ተመልሶ ያቃናል። ክርኑ የጎረቤቱን ክርን ከነካ ደግሞ ቦታው ሞልቷል ማለት ነው፣ መከፈል የለም።

«ጉድ እኮ ነው» አለች እቴነሽ። ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች ዳበሰቻት፤ ሁሉም ልክ ነው። «እለፊ እናቴ» ስትላት መሀል ለመሀል ተከፈለችና ሁለት ሆነች። ሁለቱም አመስግነው በየፊናቸው ሄዱ።

ቀጥላ አንዲት ቀጭን ሴት መጣች። እቴነሽ ብትዳብሳት ግልባጯ ላይ አንድ ጆሮ ጎደለ።

«ሂጂና አቃኚው።»

«ሞከርኩ እኮ፣ እምቢ አለኝ» አለች ሴትዮዋ። አልተቆጣችም። ጥግ ይዛ እንደ ነጠላ ራሷን ማጣጠፍ ጀመረች፤ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ጠፋች። ጎረቤቶቿ የቀረውን ቁርጥራጭ ተካፈሉና እልል አሉ።

«አታለቅሱም እንዴ?» አለች እቴነሽ።

«የምናለቅሰው አልሄድም ያለች እንደሆነ ነው» አለቻት አንዷ፣ ቁራሿን እየጎረሰች።

እቴነሽ ይህንን ገና እያሰላሰለች ሳለ አንዲት ሴት መጥታ እቅፍ አደረገቻት።

«እቴነሽዬ! እንዴት ከረምሽ? እግርሽ ተሻለሽ? ልጅሽስ ደህና ናት?»

እቴነሽ ቀና ብላ ብታያት ፊቷ የራሷ የእቴነሽ ፊት ነው፤ ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ደነገጠች። ከድንጋጤዋ ይልቅ ግን ኀፍረቷ ባሰ። ሰው የገዛ ራሱን እንዴት አድርጎ ይፈትሻል? ሴትዮዋ ደረቷ ላይ በሻርፕ የሸፈነችው ነገር ነበር። እቴነሽ አይታዋለች። አይታም ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

«እለፊ እናቴ።»

ሴትዮዋ ሁለት ሆነች። ሁለቱ ትንፋሽ ሳይወስዱ አራት ሆኑ።

«እናንተ! ፍተሻ አለ እኮ!»

«እናታችንን አሳልፈሽ የለም እንዴ?» አሏት ባንድ ድምፅ።

ክርናቸው የጎረቤት ክርን ሲነካ አላቆሙም፤ ገፍተውት ቦታው ላይ ተቀመጡ። የሰፈሩን የውኃ ቧንቧ ጠምዝዘው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሲጠብባቸው ጥቂቶቹ ቧንቧው ውስጥ ገብተው «ሌላ ሰፈር እንሞክር» እያሉ በውኃው ተሳፈሩ። ፊታቸው በተከፈሉ ቁጥር እየደበዘዘ ሄዶ የእቴነሽ ፊት መሆኑ ቀረ።

«ራሳችሁን አጣጥፉ!» ብላ ጮኸችባቸው።

«ማጣጠፍ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ተሳሳቁ።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ድረስልኝ!»

ጋሽ ቶሎሳ በተጨናነቀው ሕዝብ መሀል አንገቱን ብቻ አወጣ። «ስንት ሆነው ነው የገቡት?»

«አንድ ነበረች! አንድ ሳለች አይቻታለሁ!»

«ታዲያ አንድ ሳለች ምን አልሻት?»

እቴነሽ ነቃች።

ነግቷል። ልጇ ቃልኪዳን በሩን እየቆረቆረች «እማዬ፣ ረፈደብሽ እኮ!» ትላለች። የእቴነሽ ቀኝ እጅ ግራ ጡቷ ላይ ነበር። ሽንብራ ታክል የነበረችው ባቄላ አክላለች። እስከ ዛሬ እጇ ድንገት ሲያርፍባት እሳት እንደነካች ታነሣው ነበር። ዛሬ አላነሣችም። ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ቢሆንም ሰላም ያላላትን ሰው እንደምትፈትሽ ዙሪያዋን ቀስ ብላ ዳበሰቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጮክ ብላ።

ቃልኪዳን በሩን ከፍታ ገባች። «ምኑ?»

«ነይ፣ እጅሽን አምጪ።»